ሐና እህል የቀመሰችው ሳሙኤልን ሳትፀንስ ነው

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የዓመቱን ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት፣ አንድ የባንክ ማስታረቂያ (መዝገባችንን ከባንኩ መዝገብ ጋር የምናመሳክርበት ሥራ) ሦስት ቀን ሙሉ አልዘጋ አለኝ። ልዩነቱ 5,400 ብር ነበር። በሒሳብ ሙያ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያደርገው ቁጥሩን ለዘጠኝ ማካፈል ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሳይመዘገቡ አይቀርምና። ይህንን ብልሃት ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከተቀጠረ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ባልደረባዬ ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥቶ ለጥቂት ደቂቃ ካየው በኋላ «በዘጠኝ ይካፈላል እኮ፤ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ?» አለኝ። 2,800 ብር የነበረውን ወጪ 8,200 ብዬ መዝግቤው ኖሯል።

ያስደነገጠኝ ስሕተቱ አልነበረም፤ የሒሳብ ሰው ይሳሳታል። ያስደነገጠኝ፣ ያውም ቆይቶ፣ ምንም አለመደንገጤ ነው። አላፈርኩም፣ አልተናደድኩም፣ ስሕተቱ በመገኘቱ እንኳ እፎይ አላልኩም። ወረቀቱን አስተካክዬ፣ ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁና ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ላይ ቆምኩ። ሰልፉ ሦስት ጊዜ ሲያልቅና ሦስት ጊዜ እንደገና ሲሞላ ቆሜ አየሁ፤ ወደ ቤት ለመሄድም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ የሚያበቃ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ስድስት ዓመታት ራሴን የማየው ልጅ አጥታ እንደምታዝን ሴት ነበር። ያዘነች ሴት ደግሞ መድኃኒቷ አንድ ብቻ እንደሆነ እኔም፣ ዘመዶቼም፣ አንዳንድ ሐኪሞቼም እናምን ነበር። «ልጅ ስትወልጂ ሁሉም ይለቅሻል» የሚለውን ቃል ከስንት ሰው እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ክፋት የለበትም፤ ግን አንዲት ሴት ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ይዘዋት እያለ አንደኛውን ብቻ እንድታክም፣ ሁለተኛውን ደግሞ የመጀመሪያው ጅራት አድርጋ እንድትቆጥረው የሚያደርግ ቃል ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሁለቱን፣ መካንነትንና ዲፕሬሽን የሚሉትን ድባቴ፣ በአንድ መዝገብ ስጽፋቸው ኖሬአለሁ።

የተጋባነው በ2008 ዓ.ም. ጥር ነው። እንደ ወጉ ሽማግሌው ተነሥተው «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ» ብለው ሲመርቁን እንግዳው ሁሉ አሜን አለ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ጮክ ብዬ። ሣራ ይስሐቅን የወለደችው በዘጠና ዓመቷ መሆኑን፣ እስከዚያ ድረስ የነበረውን ዘመን ሁሉ በመካንነት ማሳለፏን በዚያች ሰዓት ያሰበ ሰው አልነበረም። ዛሬ በሰው ሰርግ ላይ ይህ ምርቃት ሲወርድ ባለቤቴ በክርኑ ጎሸም ያደርገኛል፤ የሁለታችን ብቻ የሆነች መራራ ቀልድ ናት።

ሐኪሞች መካንነት የሚሉት ባልና ሚስት መከላከያ ሳይጠቀሙ ቢያንስ ለ12 ወራት ሳያቋርጡ አብረው እየተኙ ፅንስ ሳይፈጠር ሲቀር ነው፤ ሴቲቱ ዕድሜዋ ከ35 ዓመት ካለፈ ምርመራው ከስድስት ወር በኋላ እንዲጀመር ይመከራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች በግምት ከስድስቱ አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ይገጥመዋል ብሏል። ከስድስት አንድ ማለት በምሠራበት ፎቅ ካለነው 24 ሰዎች አራቱ ማለት ነው፤ እኔ ግን በዚያ ፎቅ ብቻ ሳይሆን በመላው ሰፈራችን ብቸኛዋ እኔ እንደሆንኩ ነበር የማምነው። ነውር ሰውን የሚነጥለው እንዲህ ነው፤ ሁሉም ዝም ስለሚል ሁሉም ብቻውን ይመስለዋል።

እኛ ሐኪም ዘንድ የሄድነው በ2010 ዓ.ም. ነው። የሆርሞን ምርመራው፣ አልትራሳውንዱ፣ በማሕፀን በር በኩል ቀለም ተረጭቶ እንቁላል የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ክፍት መሆናቸው በራጅ የሚታይበት ምርመራም በየተራ ተደረገልኝ። ያ ቀለም ሲገባ የሚሰማውን ቁርጠት ለማንም አልመኝም። የግራው ቱቦ ዝግ ሆኖ ተገኘ። ምናልባት ሳላውቀው መጥቶ ሳላውቀው የሄደ ኢንፌክሽን ጠባሳ ትቶበት ይሆናል ተባልኩ፤ እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ያልፋል። ከዚያ እንቁላል እንዲበስል የሚረዳ ክሎሚፊን የሚባል እንክብል ታዘዘልኝ። መድኃኒቱ አንዳንድ ሴቶች ላይ ስሜትን የሚያዋዥቅ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም፤ ስለዚህ በእነዚያ ወራት ያለ ምክንያት የሚገነፍለውን ለቅሶዬን የጠባዬ ብልሽት አድርጌ ወሰድኩት።

ባለቤቴ እንዲመረመር የተጠየቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ስወጋ፣ ስቀባ፣ ስታጠን፣ ጠበል ስጠጣ እርሱን ማንም አልጠየቀውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅሁትም። መካንነት ከሚገጥማቸው ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱም ወገን፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተዳምሮ፣ ድርሻ አለው። የእርሱ ውጤት በአንድ ሚሊ ሊትር ስድስት ሚሊዮን የዘር ሴል አለ፤ በወቅቱ የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ ወሰን 15 ሚሊዮን ነበር። በዚያ ማታ ባለቤቴ እራቱን በልቶ፣ ዜና አይቶ፣ «ነገ መብራት ስለሚጠፋ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ» ብሎኝ ተኛ። ስለ ወረቀቱ ግን እስከ ስምንት ወር ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የወንድ ድባቴ በእኛ አገር በለቅሶ አይታይም፤ በዝምታ፣ በማምሸት፣ አንዳንዴም በመጠጥ ነው የሚታየው። የእኔ ባል የመረጠው ዝምታን ነበር፤ እኔም ዝምታውን በእኔ ላይ እንደ ማኩረፍ ቆጠርኩት።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ በወለደች በሳምንቷ ልንጠይቃት ተሰበሰብን። ገንፎው ሲገነፋ ማማሰያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሥራ መያዝ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ። ገንፎው በገበታ ወጥቶ፣ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬው ሲገባበት፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ አንዲት አክስቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉና «የአንቺንም ያሳየን!» አሉኝ። ቤቱ ሙሉ አሜን አለ። ጉርሻው በጣም ትኩስ ነበር። ልተፋው አልቻልኩም፤ ሃያ ሰው እያየኝ ነበር። እያቃጠለኝ ዋጥኩት፣ ሳቅሁ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ላንቃዬ ተልጦ ለሁለት ቀን ምግብ መብላት አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ግን ላንቃዬ ከዳነም በኋላ ምግብ መብላት አቃተኝ። የቆየው ነገር ሌላ እንደሆነ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ድባቴ ድንገት አይመጣም፤ እኔ ላይ እንደ ቀስታ ዝናብ ነው የገባው። መጀመሪያ እንቅልፌ ተሰበረ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እስከ ንጋት ጣሪያ አያለሁ። ቀጥሎ ቡና ጣዕሙ ጠፋኝ። ከዚያ ስልክ ማንሣት ሸክም ሆነ። በዓል ሲመጣ ደግሞ «ለከርሞው ከነልጅሽ ያድርስሽ» የሚለውን ምርቃት ሽሽት ራሴን አመመኝ እያልኩ ቤት እዘጋለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እርግዝናዋን ስድስት ወር ሙሉ ከእኔ ደብቃ በሰፊ ሻርፕ ተሸፍና እንደነበር ስሰማ፣ አዝናልኝ ይሁን ዓይኔን ፈርታ መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱም እኩል ጎዱኝ። ከሁሉም የከፋው በየወሩ የሚመጣው ነበር። ወር አበባዬ ሦስት ቀን ከዘገየ ልቤ ስም ያወጣል፤ በአራተኛው ቀን ይፈስሳል።

ሰው ሲሞትብን እኛ ጎበዞች ነን። ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም፤ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘን መጀመሪያና መጨረሻ ተሰጥቶታል። በየወሩ ለሚሞት ተስፋ ግን ለቅሶ የለውም። የሚቀበር የለ፣ የሚያለቅስ ጎረቤት የለ፤ በማግሥቱ ሥራ ትገቢያለሽ። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ከሰባ ጊዜ በላይ እንዲህ ዓይነት ቀብር ብቻዬን ቀብሬአለሁ፤ ሐዘኑ ከመጠራቀሙ የተነሣ የትኛው ወር ያለቀስኩበት፣ የትኛው ወር ማልቀስ ያቆምኩበት እንደሆነ ጠፋኝ። ማልቀስ ማቆሜን ደግሞ መጽናናት መስሎኝ ነበር።

ከታክሲ ተራው ቀን በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ እኅቴ እጄን ይዛ ወደ አንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰደችኝ። በአዲስ አበባ ያደገ ሰው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በልጆች ስድብ ውስጥ እንዴት እንደሚጠራ ያውቃል፤ ያ ስም ስንቱን በሽተኛ ከሐኪም ደጅ እንዳስቀረ እግዚአብሔር ይወቀው። እኔም ካርድ ሳወጣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ ነበር። ሐኪሟ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉበት ወረቀት ሰጠችኝ፤ በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችንም የተፈተሸ መጠይቅ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን የመሥራት ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን እንደ ከንቱ መቁጠር፣ ትኩረት ማጣት የመሳሰሉት ምን ያህል ቀን እንደተሰሙኝ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ይሰጣል፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። የእኔ 17 ሆነ። ቁጥር አይቼ የተጽናናሁበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው፤ ቢያንስ የሚቆጠር ነገር ነበር።

ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል። «አንዳንድ ቀን» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። ራሴን ለመጉዳት ያሰብኩት ነገር ባይኖርም ማታ ስተኛ ጠዋት ባልነቃ እያልኩ የምመኝበት ጊዜ ነበር። ሐኪሟ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ ሳትደነግጥ፣ ስለዚህ ነገር ዝርዝር አድርጋ ጠየቀችኝ፤ እኔም ለእኅቴም ለባሌም ያልነገርኩትን ለማላውቃት ሴት ነገርኳት። ይህንን የምታነቡ እህቶችና ወንድሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመላለስበት ካለ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገር፤ ሐሳቡ ከበረታ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ሲነገር ይቀላል፤ የእኔ ቀልሏል።

«ልጅ ብወልድ እኮ ይለቀኝ ነበር» አልኳት።

«ከወለዱ በኋላም ካልለቀቀዎትስ?» አለችኝ። ከእርግዝና በፊት ድባቴ የነበረባት ሴት በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ እንደገና የመታመም ዕድሏ ከፍ ያለ መሆኑን ነገረችኝ። «ልጅዎን የድባቴዎ ሐኪም አድርገው ቀጥረውታል፤ ገና ሳይወለድ ብዙ ሥራ ሰጡት» አለችኝ። ተናደድኩባት። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለእኅቴ ምን ዓይነት ሐኪም ናት እያልኩ አማሁ። ንዴት ከተሰማኝ ብዙ ወር አልፎ ስለነበር እኅቴ ደስ ብሏት ዝም ብላ አዳመጠችኝ።

መካንነት የሚያደርሰው ድባቴ ቅንጦት አይደለም። በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሞ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት መካንነት የገጠማቸው ሴቶች የድባቴና የጭንቀት መጠን ካንሰር ከያዛቸው፣ የልብ ሕመም ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ እንዳገኘው ሐኪሟ በሁለተኛው ቀጠሮ ነገረችኝ። ካንሰር የያዛትን ሴት «ዘና በይ፣ ይለቅሻል» የሚል ሰው የለም። እኔን ግን አንድ የማሕፀን ሐኪም «ችግርሽ መጨነቅሽ ነው፤ ተይው ስትይ ታረግዣለሽ» ብሎኝ ያውቃል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሕመሜንም ጥፋቴንም እኔው ላይ ጫነው። መጨነቅ ቱቦ አይዘጋም፤ የባሌንም ዘር ቁጥር አያወርድም።

ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት ተጀመረልኝ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የንግግር ሕክምና። ለማርገዝ እየሞከርኩ መድኃኒት መዋጥ አስፈርቶኝ ስለነበር የድባቴ ሐኪሜና የማሕፀን ሐኪሜ በደብዳቤ እንዲነጋገሩ ጠየቅሁ፤ ተነጋገሩም። ይህንን ሌሎችም እንዲጠይቁ እመክራለሁ፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ሆነ ከጎረቤት ምክር መቀበል አይገባም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከማቅለሽለሽና ከአፍ መድረቅ በቀር ምንም አላየሁም። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ ጎረቤታችን ቡና ሲቆሉ ሽታው በመስኮት ገባና አልጋ ላይ ሆኜ «ቡና አማረኝ» አልኩ። ባለቤቴ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ አንድ እግሩን ብቻ እንደተጫማ ሮጦ ጀበናውን ጣደ።

የንግግር ሕክምናው ብዙ ሰው እንደሚገምተው ተቀምጦ ማልቀስ ብቻ አልነበረም። ባለሙያው ሠንጠረዥ ሰጠኝ፤ በግራ በኩል በቀን ውስጥ የሠራሁትን ትንሽ ነገር፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ምን ያህል ደስ እንዳሰኘኝ ከአሥር እንድጽፍ። ሠንጠረዥ ከሆነ እኔ ቤቴ ነው። ያንን ደብተር አሁንም አለኝ። «ዳቦ ቤት በእግሬ ሄድኩ፣ 1። ጤና አዳሙን ውኃ አጠጣሁ፣ 1። ለጓደኛዬ ደወልኩ፣ 0፤ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት ብቻ አወራች። ጸጉሬን ተሠራሁ፣ 3።» ከሁለት ወር በኋላ ያለው ገጽ ላይ «የጎረቤት ልጅ ሒሳብ አስጠናሁ፣ 6» ይላል፤ ስድስቱ በሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ልጅን ሳየው ልቤ የማይወጋበት ሰዓት መኖሩ ለራሴም ዜና ነበር።

ስለ ክርስትናዎችም ተነጋገርን። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ ዘመድ ሁሉ ይጠራል፤ እኔ ወይ ሄጄ እሞታለሁ ወይ ቀርቼ በጥፋተኝነት እታመማለሁ። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አላውቅም ነበር። አሁን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴውን አስቀድሳለሁ፣ ሕፃኑን እስማለሁ፣ ስጦታዬን እሰጣለሁ፤ ድግሱ ላይ ግን አልገኝም። ያኮረፉኝ አሉ። ይኩረፉ።

ጉዲፈቻን በተመለከተ ብዙ ምክር ይመጣል። አንዳንዱ «ጉዲፈቻ ውሰጂ፣ በእሱ ሰበብ ማሕፀንሽ ይከፈታል» ይላል። ልጅን ለሌላ ልጅ መክፈቻ ቁልፍ አድርጎ ወደ ቤት ማስገባት በልጁ ላይ የሚፈጸም በደል ነው ብዬ አምናለሁ። የምናሳድገው ልጅ ቢኖር ለራሱ ሲባል ነው የሚመጣው፤ ይህን ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ገና እየመከርንበት ስለሆነ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

የንስሐ አባቴ ስለ መድኃኒቱ ሲሰሙ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጠበል ቦታ አንዲት ሴት «የፈረንጅ ኪኒን ትተሽ እመኚ» ብላኝ ስለነበር። አባ ግን ስለ ኪኒኑ ምንም ሳይሉ ስለ ሐና ጠየቁኝ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሕልቃና ሁለት ሚስቶች ነበሩት፣ ፍናና ወለደች፣ ሐና መካን ሆነች፤ ፍናና ታስቆጣት ነበር፤ ሐናም ታለቅስ፣ እህልም አትቀምስ ነበር። ባሏ «ከዐሥር ልጆች እኔ አልሻልሽምን?» አላት። (ይህንን ጥያቄ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሊጠይቀኝ ሞክሮ በዓይኔ ተመልሷል።) በቤተ መቅደስ ቆማ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። አባ እዚህ ላይ ፈገግ አሉ። «አየሽ፣ ካህን እንኳ የልብ ሐዘንና ስካርን መለየት ያቅተዋል» አሉኝ። ቀጥለውም «ኋላ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሳሙኤልን ወለደች» አልኩ።

«ዘለልሽው። ከዚያ በፊት ምን ሆነ?»

አላስታወስኩም። ቤቴ ሄጄ ቀዳማዊ ሳሙኤልን ገለጥኩ። ለካ ሐና ከዔሊ ዘንድ ወጥታ ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ መስሎ አልታየም። ይህ ሁሉ የሆነው ገና ሳትፀንስ፣ ፀንሳ እንደምትወልድም ሳታውቅ ነው። ምዕራፉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ከልቅሶዋ በቀጥታ ወደ ሳሙኤል እየዘለልኩ፣ መሐል ላይ ያለችውን ያችን እራት አንድም ቀን አላየኋትም ነበር። ለስንቱ ሰባኪም አልታየችውም።

ሕክምናዬን በጀመርኩ በዓመት ከመንፈቅ ገደማ፣ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ከማሕፀን ውጪ የሚደረገውን የፅንስ ሕክምና ሞከርን። በአገራችን የመጀመሪያው የመንግሥት ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ቤቱንና መኪናውን ሸጦ ወደ ሕንድና ወደ ባንኮክ ይሄድ ነበር። እኛ ዕድሜዬን ቆጥረን በአንድ የግል ማዕከል ጀመርን፤ 37 ዓመቴ ነበር። ለ11 ቀን ሆዴ ላይ መርፌ ወጋሁ። ዘጠኝ እንቁላል ወጣ፤ ስድስቱ የበሰሉ ነበሩ፤ አራቱ ዳበሩ፤ በአምስተኛው ቀን ሁለት ፅንስ ቀረ፤ ሁለቱም ተመለሱልኝ። የሒሳብ ሰው እንዲህ ያለውን እየተቀነሰ የሚሄድ ዐምድ ለማየት ልምድ አለው፤ ቢሆንም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በ14ኛው ቀን የደም ምርመራው ውጤት መጣ። አልያዘም።

አለቀስኩ። ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። ግን ይህኛው ልቅሶ ሌላ ነበር። እያለቀስኩ ይርበኝ ነበር። ባሌ ላይ ተደግፌ አለቅስ ነበር፤ እርሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮኝ አለቀሰ፤ በ2012 ያቺ ወረቀት ስትመጣ ያላለቀሰውን ጨምሮ ሳይሆን አይቀርም። ሌሊት እተኛ ነበር። ሐዘን ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ በመሐል ሰው ይስቃል። ድባቴ ግን መሐል የለውም። ሁለቱን በሰውነቴ ለይቼ ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው፤ ሐኪሜም መድኃኒቱን ሳትጨምር ክትትሉን ብቻ አቀራረበችው።

በሦስተኛው ቀን እኅቴ በሳሕን የተሸፈነ ነገር ይዛ መጣች። ስከፍተው ንፍሮ ነው፤ ስንዴና ሽምብራ። «ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም» አለችኝ። አንድ አፍታ ተያየን፤ ከዚያ እኔ ሳቅ አመለጠኝ፣ እርሷም፣ ከጓዳ የወጣው ባለቤቴም። ሦስታችን መሬት ላይ ተቀምጠን፣ እየሳቅን፣ እንባችንን እየጠረግን፣ ሳሕኑን ባዶ አደረግነው። ላልተወለዱት ሁለቱ ሠልስት ወጣላቸው።

ባለፈው ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መጣ። ቅዱስ ሩፋኤል ፈታሔ ማሕፀን ስለሆነ አማቴ በየዓመቱ በዚያ ቀን የዘነበውን ውኃ በሳፋ ያጠራቅሙልኛል፤ እኔ ደግሞ በየዓመቱ መጋረጃ ዘግቼ እተኛ ነበር። ዘንድሮ ሳፋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የግቢው ልጆች ራቁታቸውን «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ በዝናቡ ይዘላሉ። ሒሳብ የማስጠናው ልጅ ታናሽ እኅት፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ከሩጫዋ ቆማ ደጃፍ ላይ ያለሁትን እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «አንቺስ አታድጊም?» አለችኝ። አሰብኩበት። ወጣሁና ሩፋኤል አሳድገኝ አልኩ። «ጮክ ብለሽ!» አለችኝ፤ ጮክ ብዬ ደገምኩት። አማቴ ከበረንዳው ሆነው «ኧረ ልጄ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ግቢ!» እያሉ በነጠላቸው ጠሩኝ። መድኃኒቴን የምውጥበት ሰዓትም ደርሶ ነበር፤ እርጥብ ቀሚሴን በሁለት እጄ እየጨመቅሁ ገባሁ።